አንድ የጎደለው ካሬ

አሥር ሺህ አራት መቶ አራት። ሴራሚኮቹን ሦስቴ ቆጥሬ ነው የተረከብኳቸው፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ። መቶ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ መቶ ሁለት ፍሬ፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ልክክ ያለ ካሬ።

የሙያችን ሰው ሁሉ ለሚሰበረው ብሎ ትርፍ ያዝዛል። እኔ ግን «በሠላሳ ዓመት አንድ ሰብሬ አላውቅም» ብዬ ተኮፍሼ ልኩን አዘዝኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።

ወለሉ የእትዬ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጣች፤ የድሮ ተማሪዎቿ በስሟ የሚያሠሩላት መታሰቢያ ነው፣ ነገ ጠዋት ይመረቃል። እኔ ደግሞ የቤት ሥራዬን እሷ እየሠራችልኝ ክፍል የቆጠርኩ ወንድሟ ነኝ። ውለታዋን በዚህ ልከፍል ነበር ሐሳቤ።

መቶ አንዱን ረድፍ ለጥፌ፣ ማጣበቂያው ደርቆ፣ የመጨረሻውን ረድፍ ስጀምር አንዷ ከእጄ አምልጣ ሦስት ቦታ ሆነች። የሠራቸው ሰው እቶኑን ዘግቶ አገር ለቋል። በሌላ ሰማያዊ ብተካት ከሩቅ ታስታውቃለች። 

እትዬ የመጣችው ይኼኔ ነው። ስብርባሪውን ቶሎ ብዬ ረገጥኩት።

«እግርህ ሥር ምንድን ነው?»

አርባ ዓመት ኩረጃ ስትይዝ የኖረች ዓይን! እግሬን አነሳሁ።

«አዋረድኩሽ እትዬ። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎዶሎ ወለል ልታዪ ነው።»

«ለቅሶውን ተወውና ስንት ረድፍ ለጠፍክ?»

«መቶ አንድ።»

«ስንት ፍሬ ቀረህ?»

«እሱም መቶ አንድ። ረድፉ ግን መቶ ሁለት ይፈልጋል።»

«ታዲያ ከታች ምን አስደረደረህ? በጎን አድርጋቸው።»

ረድፎቹን በዓይኔ ቆጠርኩ። መቶ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ አንድ ፍሬ።

«ከየትኛውም ካሬ ላይ አንድ ቀንስ» አለች፣ ጣቷን እንደ ጠመኔ ይዛ። «አንዱ ጎን በአንድ ያጥራል፣ ሌላው በአንድ ይረዝማል፣ የሚተርፍ የለም። ከዘጠኝ አንድ ሲነሳ ስምንት፣ ሁለት በአራት። የአንተም አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት፣ መቶ አንድ በመቶ ሦስት። የሰባተኛ ክፍል የቤት ሥራህ እኮ ነበር!»

«አንቺ አይደለሽ የሠራሽልኝ!»

ሳቋ አዳራሹን ሞላው። እኔ ተንበርክኬ በጎን በኩል አንድ አንድ እያልኩ ለጠፍኩ፤ የመጨረሻዋ ጥጉ ላይ ገጥማ ቁጭ ስትል ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ መሰለኝ። እፎይ! ዙሪያውን የሚይዘውን ግራጫ ድንጋይ ገና አልቆረጥኩትም ነበርና በአዲሱ ልክ ቆረጥኩት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ በሕዝቡ ፊት «እንዴት ያለ የተዋጣለት ካሬ ነው!» አሉ።

እትዬን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። በሒሳብ ስህተት ሰምታ ሳታርም ያለፈችበትን ቀን አላስታውስም።

«የወንድሜ ሥራ ነው» አለችና ክንዴን ያዘች።