አራጁና አጋዘኗ

አራጁ ያን ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ታጠበ። መጀመሪያ በልብስ ሳሙና፣ ቀጥሎ በሎሚ፤ ይሄም አልበቃው ብሎ ከጎረቤቱ ከፀጉር አስተካካዩ የተዋሰውን ሽቶ ከአንገቱ እስከ ጣቶቹ አርከፈከፈው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ቄራ የዋለ ሰው ደም ደም ይሸታል፤ ሰው በይሉኝታ ባይነግረው ውሻ ይነግረዋል። ዛሬ ደግሞ የሚሄደው ልጁ ዘንድ ነው። ልጁ የቆሰሉና እናት የሞተችባቸው የዱር እንስሳት በሚጠለሉበት ግቢ ውስጥ ተንከባካቢ ናት። ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን «ና እይ» ብላው አታውቅም። በሥራው እንደምታፍር ልቡ ያውቃል፤ አንስተውት ግን አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ድንገት «እሑድ ናልኝ» ስትለው ከደስታው ጋር ፍርሃትም ሰቅዞ ያዘው። እንስሳቱ ከሩቅ አሽትተውት በልጁ ፊት እግሬ አውጪኝ ቢሉስ? ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህን ብቻ እንዳታይ ፈራ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ! በሩ ላይ ልጁ ልትስመው ጠጋ ስትል አስነጠሳት።

«አባዬ! ምንድን ነው ይሄ? ልታገባ ነው እንዴ?»

«ትንሽ ሽቶ ናት።»

«ትንሽ? እንኳን እነሱ እኔም ልሸሽህ ነው እኮ! እዚህ ሽቶ ክልክል ነው፤ የማያውቁት ሽታ ያስደነብራቸዋል።»

ዘበኛው ሳቁን አፍኖ ወደ ቧንቧው አሳየው። በንጹህ ውሃ አስታጠበችው፤ ሸሚዙን አስወልቃም የራሷን የሥራ ጋዋን አለበሰችው። ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፣ እጅጌውም ክርኑ ላይ ቀረ። እሷ ስትስቅ እሱ አልሳቀም። አሁን ሽቶው ሄዶ የገዛ ሽታው ብቻውን ቀርቷል።

መጀመሪያ ያሳየችው ክንፉ ተሰብሮ የተጠገነ ጥንብ አንሳ ነው። ወፉ ግንድ ላይ ቆሞ ክንፉን ለፀሐይ ዘረጋው። ዘረጋው፣ ዘረጋው፣ አላልቅ አለ። ከአራጁ ቁመት በለጠ።

«ቄራ ጓሮ በድንጋይ የማባርረው ይሄንን ነው?» አለ አፉን ይዞ።

«ይሄንኑ።»

ከዚያ ከርከሮ አየ። በፊት እግሮቿ ተንበርክካ ሣር ትግጣለች። ጸሎት ላይ ያለች መስላው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

አጋዘኗ ያለችበት አጥር ውስጥ ሲገቡ ልጁ ቆመች። «መሬት ላይ ተቀመጥ። እጅህን አትዘርጋ፣ ዓይን ዓይኗን አትይ። ከመጣች መጣች፣ ካልመጣችም የእሷ ፈንታ ነው።»

ተቀመጠ። ልጁ ራቅ ብላ ቆመች። ብዙ ቆይቶ ከቁጥቋጦው መሀል አጋዘኗ ብቅ አለች፤ ቅጠል እንኳ አላንኮሻኮሸችም። ጎኗ ላይ ነጫጭ መስመሮች ወርደዋል። ጆሮዎቿ ሁለት መዳፍ ያክላሉ፤ ፀሐይዋ ከኋላ ስትመታቸው ደም ሥራቸው አንድ በአንድ ይታያል። «መቶ ስልሳ ኪሎ» አለ ዓይኑ እንደ ልማዱ፤ ወዲያው በራሱ አፈረ።

አየሩን ስባ ቆመች። አንድ እግሯን መሬት ላይ መታች። አራጁን ላብ አጠመቀው። አወቀችኝ አለ በሆዱ፣ በቃ አለቀ። ሳትሸሸው በፊት እሱ ተነሥቶ ሊሸሽ ምንም አልቀረው።

«አባዬ፣ ተረጋጋ» አለች ልጁ በሹክሹክታ።

አጋዘኗ መጣች። ጋዋኑን አልፋ ባዶ እጁ ላይ አፍንጫዋን አሳረፈች። እርጥብ ነው፣ ትንፋሿ ይሞቃል። መዳፉን፣ በጣቶቹ መሀል፣ ሳሙና የማይደርስበትን የጥፍሩን ሥር ሁሉ አሸተተች። እሱ መተንፈስ ትቷል። አሽትታ ስትጨርስ የፊት እግሮቿን አጠፈችና አጠገቡ ተኛች፤ ጀርባዋን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ በረጅሙ አንገቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሽቅብ ሲወጣ አየ፣ መንጋጋዋም ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ።

ታመሰኳለች! የፈራ እንስሳ አያመሰኳም፤ ይህን ከአራጅ በላይ የሚያውቅ የለም። በሠላሳ ሁለት ዓመት በእጁ ካለፉት ሁሉ እሱ ፊት ያመሰኳ አንድም የለም።

«ልጄ» አለ። «እያመሰኳች ነው እኮ።»

«አየሁ።»

«እኔ አጠገብ!»

«አዎ አባዬ፣ አንተ አጠገብ።»

እንባው ጢሙ ድረስ ወረደ። እንዳትደነብር ብሎ እጁን አላነሣም። ልጁ ቀስ ብላ መጥታ ጠረገችለት።