የሾዴ ጉድጓድ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኢየሩ ደወሉልኝ።

«ራኬብ፣ ቶሎ ነይ! ያመጣሽብኝ ሰውዬ ቤቴ ውስጥ መቃብር እየቆፈረ ነው!»

ሸማኔውን ሾዴን ቁስቋም ያለው ግቢያቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፤ የምሠራበት ፕሮጀክት ጎዳና ላይ ለሚያድሩና መጠጥ ላስቸገራቸው ሰዎች መጀመሪያ ቤት ይሰጣል። መጠጥ እስኪተዉ አንጠብቅም። ሾዴ ሽሮ ሜዳ የሱቆች በረንዳ ላይ ስድስት ዓመት አድሯል። ክፍሉን ካገኘ አርባ አንድ ቀኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቀናት ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ሥር ተኛ፤ በአሥራ ሦስተኛው አልጋው ላይ ወጣ። አረቄው በቀን ከስድስት መለኪያ ወደ ሁለት ወርዷል። ለብቻው ማጉረምረም ትቶ አሁን የሚያጉረመርመው በወይዘሮ ኢየሩ ዶሮ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ከወይዘሮ ኢየሩ ጋር ያለን ውል የቤቱን ቅርጽ መለወጥ ይከለክላል፤ ካስወጡት ደግሞ ሌላ ክፍል የለኝም።

ስደርስ ሾዴ አፈር በአፈር ሆኖ ቆሟል። ከመስኮቱ ሥር፣ የአፈሩ ወለል ላይ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሯል።

«ምንድነው ይሄ፣ ሾዴ?»

«ሽመና ልጀምር ነዋ! እቃው ነገ ከወንድሜ ቤት ይመጣል።»

«እቃው ሳይመጣ ጉድጓዱ?» አሉ ወይዘሮ ኢየሩ።

«እኛ ሸማኔዎች ጋ መጀመሪያ ጉድጓዱ ነው፣ እትዬ። ቁጭ ብዬ ስሠራ እግሬን የት ላድርገው? ጣሪያ ላይ?»

«መጠየቅስ አይቀድምም?» አሉት።

ሾዴ አንገቱን ደፋ። «እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ነው።»

«ስትለቅ ማን ሊሞላልኝ ነው?»

«ልለቅ ያሰብኩ ብሆን ከዚህ ድንጋይ ጋር ሁለት ቀን እታገል ነበር?»

ወይዘሮ ኢየሩ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። ከዚያ «እስቲ አሳየኝ» አሉት።

ሾዴ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰደደ። የሌለውን መርገጫ በየተራ ረገጠ፤ የሌለችውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወረወረ። ጣቶቹን አየሁ። መንቀጥቀጣቸውን አልተዉም፤ መወርወሪያዋን ግን አንድ ጊዜም አልጣሏትም።

«ጥለቱ ሰማያዊ ይሁን» አሉ ወይዘሮ ኢየሩ።

«የምኑ?»

«የነጠላዬ! ቤቴን ዝም ብለህ ልትቆፍር ነው እንዴ? አፈሩን ደግሞ አንሳልኝ፣ ጎመኔ ላይ ደፍተህብኛል።»

ለፕሮጀክቱ የምሞላው ቅጽ ላይ «ቤቱ ውስጥ የመቆየት ሐሳብ» የሚል መስመር አለ። ሜትር አውጥቼ ጉድጓዱን ለካሁና «ጥልቀት፣ ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር» ብዬ ጻፍኩ።

«ስድሳ በይው» አለ ሾዴ፣ አካፋውን እያነሳ።