የስድስት ሰዓት መንገድ

ሹፌሩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። አውሮፕላን ግን ከታች ሆኖ አንጋጦ ከማየት በቀር አያውቀውም ነበር። በእስያ ባለ አንድ ትልቅ ከተማ የምትኖረው የሚስቱ ታናሽ እህት ልጇን ልትድር ሆነና “ካልመጣችሁ ተቀየምኳችሁ” አለች። ቲኬቱን የቆረጠችላቸው ልጃቸው ሚጣ ናት። ሚጣ የአብራሪነት ትምህርት ከጀመረች ቆይታለች።

“እኔ ፈተና አለብኝ፣ እናንተ ሂዱልኝ። ቀኑን ግን እንዳትቀይሩ!” ብላ አስጠንቅቃ ሸኘቻቸው።

ሹፌሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶውን አጥብቆ በመስኮቱ ክንፉን ይመረምር ጀመር።

“ርቀቱ ስንት ነው አልሽኝ?”

“እኔ ምን አውቄ! ሰው ጠይቅ እንጂ፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” አለች ሚስቱ።

“በእኔ አውቶቡስ ቢሆን ሳምንት ነው። ያውም ጎማ ካልፈነዳ።”

“ባሕሩንስ በምን ልትሻገረው ነው?”

“እሱን አላሰብኩበትም።”

ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ሳቋ አመለጣት።

ሞተሩ አጉረመረመ። ሚስቱ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። ይሄኔ ከድምፅ ማጉያው የሴት ድምፅ ተሰማ።

“ክቡራንና ክቡራት፣ ረዳት አብራሪያችሁ ነኝ። ዛሬ አራት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እንጓዛለን፤ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስድብናል።”

ሚስትየው ብድግ ልትል ስትል ቀበቶው መልሶ አስቀመጣት።

“ሚጣ ናት! በሞቴ፣ የሚጣ ድምፅ ነው!”

“አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት” አለ እንጂ እሱም አንገቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አስግጎ ነበር።

ድምፁ ቀጠለ። “ከመንገደኞቻችን መካከል አባቴና እናቴ አሉ። አባዬ፣ ፈተናውን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ለዛሬ ብዬ ነው የደበቅኋችሁ። እማዬ፣ እንዳታለቅሺ።”

እናት ግን ቀድማ እያለቀሰች ነበር። ጭብጨባው ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ ደረሰ።

“የኔ ልጅ ናት! የምትነዳው የኔ ልጅ ናት!” ሹፌሩ ያልነገረው ሰው የለም፤ ውሃ ላመጣችለት አስተናጋጅ፣ ማዶ ለተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሊያንቀላፋ ለነበረ ነጋዴ ሳይቀር። ምግብ ቀረበለት፤ አልነካውም። ሚስቱ “ትንሽ ተኛ እንጂ” ብትለው ዓይኑን አፈጠጠባት።

“ልጄ እየነዳች እኔ ልተኛ?”

መሬት ሲቀርቡ ቀበቶውን እንደገና አጠበቀ። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ጭምቅ አድርጎ ይጫን ነበር፤ ፍሬን እየረገጠላት።

አውሮፕላኑ እንደቆመ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ተከፈተና ሚጣ ቆቧንና ቦርሳዋን በእጇ ይዛ ብቅ አለች። እናቷ ሮጣ መተላለፊያው ላይ ተጠመጠመችባት። ከኋላ የተሰለፈው ሰው መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ይስቃል።

“እንዴት ነበር፣ አባዬ?”

ሹፌሩ ጉንጯን ሳማት፤ ደግሞ ሳማት።

“አላንገጫገጭሽንም” አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቦርሳዋን ከእጇ ነጥቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ፊት ፊት ሄደ።