ገሠሠ ምኞትን የተወ ጊዜ

ገሠሠ ቡድሂስት ሆነ ቢባል ናዝሬት ውስጥ የሚያምን አልነበረም፤ እሱም ቢሆን አፉን ሞልቶ የሚናገረው ጉዳይ አልነበረም። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ስሪላንካን በካርታ ላይ ለዓመታት በእንጨት ሲጠቁም ኖሯል። ከዚያው አገር የመጣው የፊዚክስ መምህር ሚስተር ጉናሴና ጎረቤቱ ሲሆን ግን፣ ሰውየው በየማለዳው በረንዳ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ለምን እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ ወራት ፈጀበት።

ሚስተር ጉናሴና ሳቀና እንግሊዝኛውን ቀለል አድርጎ አስረዳው። ቡድሃ አምላክ ሳይሆን የነቃ ሰው ነው፤ የሚያስተምረውም እንደ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ሕመሙን ይነግርሃል፦ በሕይወት ውስጥ መከራ አለ፤ ታረጃለህ፣ ትታመማለህ፣ ከምትወደው ትለያለህ። ቀጥሎ መንስኤውን ይነግርሃል፦ ልብህ የተመኘውን ሁሉ ልያዝ፣ የያዝኩትንም አልለቅም ይላል። ግን ይድናል። መድኃኒቱም አስተሳሰብን፣ ንግግርንና ሥራን እያቃኑ፣ አእምሮንም እያረጋጉ የሚሄዱበት መንገድ ነው።

"ገና ስለ ርኅራኄ መማር ይቀርሃል፤ ያለ እሱ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ና" አለው።

ገሠሠ አልሄደም። የሰማው በቅቶታል። ምኞትን መተው! ለእሱ በልኩ የተሰፋ ትምህርት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ አሰለፈች፣ መቂ ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው፣ ወደ ናዝሬት ለመዛወር ጠይቃ ነበር። "ገሤ በሞቴ፣ ጤና ቢሮ እየሄድክ ደጅ ጥናልኝ። ባል ካልታየ አይሰሙም" ብላው ወደ መቂ ተመለሰች። ገሠሠ ደግሞ ሹም ፊት መቆም ሞቱ ነው። አንድ ቀን ሄደ። ዘበኛው "ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲለው፣ ከእስር እንደተፈታ ሰው እየፈጠነ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ፊት እግሩን አጣጥፎ ትንፋሹን ማዳመጥ ሆነ ሥራው። ዝውውሩ ትዝ ሲለው "ይህ ምኞት ነው" ይልና ይተወዋል። እግሩ ቢደነዝዝም ልቡ ረጋ። እንዲያውም አንድ ሁለት ደረጃ ሳያልፍ አይቀርም ብሎ ራሱን ጠረጠረ፤ ተማሪ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ጎረቤቱ እትዬ ተሻለች ግን አይተው ዝም አላሉም። "አስተማሪው ከፀሐይ ጋር ማውራት ጀምሯል" ብለው ለቀበሌ ተናገሩ። እሁድ በቀበሌው ውይይት ላይ፣ ጥፋቱን በሰው ፊት አምኖ ግለሂስ እንዲያደርግ ተጠራ።

ገሠሠ ቃሉን እየመረጠ ተነሳ፤ በዚያ ዘመን በአንድ ቃል ፀረ አብዮት መባል ነበርና። አንዴ መናገር ከጀመረ በኋላ ግን መምህርነቱ አሸነፈው።

"የመከራ መንስኤ ምኞት ነው" አለ።

"የመከራ መንስኤ ፊውዳሊዝም ነው" አሉ ሊቀመንበሩ ጓድ ሰንበታ።

"እሱም አለበት ጓድ" አለ ገሠሠ ቶሎ ብሎ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሊቀመንበሩም ፈገግ አሉ።

"እርስዎስ ጓድ ገሠሠ፣ ምኞትን ተውት?"

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ግን ደረቱን ነፋ። "እውነቱን ለመናገር የባለቤቴ ዝውውር ዕረፍት ነሥቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ሆነም አልሆነም ግድ የለኝም።"

ይህን ብሎ ቀና ሲል አሰለፈችን ከኋላ ወንበር ላይ አያት። ከመቂ ሽንኩርት በጫነ መኪና ተሳፍራ መምጣቷ ነው፤ ቤት ስታጣው ሻንጣዋን እንደያዘች ወደ አዳራሹ መጥታለች። ቀስ ብላ ተነሳች።

"ቢሮ አልሄድክም ማለት ነው?"

"አንዴ... ሄጄ..."

"ዝውውሩ ሐሙስ ለሌላ ነርስ ተሰጠ። ባሏ ከቢሮው በር አልጠፋም አሉ። እኔ ደግሞ አንተም ስትንከራተት የከረምክ መስሎኝ፣ አይዞህ ልልህ ነበር የመጣሁት።"

ገሠሠ ከሚስተር ጉናሴና ሳይማረው የቀረው ርኅራኄ ምን እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ ማንም ሳያስተምራት ይዛው መጥታለች። ፊቱ በእፍረት ነደደ።

"ጓዶች፣ የተውኩት ምኞትን አይደለም" አለ። "የተውኩት ደጅ መጥናትን ነው። ሹም እፈራለሁ። ፍርሃቴን ጥበብ ብዬ ስም አወጣሁለት። ሚስቴ ቤቷ እንድትገባ እፈልጋለሁ፤ በጣም እፈልጋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ጓድ ሰንበታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ግለሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል" አሉ። ሰውም አጨበጨበ።

አሰለፈች ግን ወጥታ ነበር። መኪና ተራ ሲደርስባት ሻንጣዋን ተቀበላት።

"ለእነሱ ግለሂስ አደረግህ" አለችው ሳትቆጣ። "ለእኔስ?"

የመቂው አውቶቡስ ሊነሳ ነው፤ ረዳቱ ይጣራል። ገሠሠ ትንፋሹን ላዳምጥ ቢል ትንፋሹም እምቢ አለው። ሻንጣዋን እንደያዘ አብሯት ተሳፈረ። እስከ ሞጆ ሻንጣዋን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ፤ ሞጆን ካለፉ በኋላ ግን ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ።