የእንጨት ፓራውልት

በያጁ ከተጎታቹ ቤት ስር በጀርባው ተኝቶ የኋላውን የግጭት መከላከያ፣ ፓራውልቱን፣ በመዶሻ ሲመታው ቀለሙ ተሰነጠቀና የበሰበሰ እንጨት ፊቱ ላይ ተራገፈ። የአይጥ ሽንት ሸተተው። ምራቁን እንትፍ አለና የእጅ ባትሪውን አስጠጋ። ብረቱ በዝገት ተበልቶ አልቋል፤ ቀዳዳው በጣውላ ተጠቅጥቆ፣ በስቱኮ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል።

የእህቱ ባል ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ላይ መንጠቆ በይድልኝ እያለ ሲነተርከው ነው የዋለው። ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄደው ይህ ባለ ሁለት አልጋ ቤት በተራው ሞተር ሳይክል የጫነ ጋሪ እንዲጎትት ተፈልጓል።

"ይሄን እንጨት ማነው የጠቀጠቀው?" አለ በያጁ ብቅ ብሎ።

"እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ክፍቱን ያስጠላ ነበር።"

በያጁ እንደምንም ራሱን ገትቶ አስረዳው። መንጠቆ ፓራውልት ላይ አይበየድም። ቤቱን ከስር ከተሸከመው ዋና ሻንሲ ጋር በወፍራም ብረትና በብሎን መታሰር አለበት፤ ያም ሻንሲው ጤነኛ ከሆነና ክብደቱን ከቻለ ነው። አለዚያ ጋሪው መንገድ ላይ ተገንጥሎ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ይፈጃል። ሥራው ደግሞ ዛሬ የሚያልቅ አይደለም።

"ዛሬ ካላለቀ ዋጋ የለውም። ገዢው እየመጣ ነው።"

"የምን ገዢ? ለልጆቼ መዝናኛ ነው አላልከኝም?"

"ሸጬዋለሁ። መንጠቆ ካለው ነው የምወስደው አለኝ። አንተ ነካ ነካ አድርገው፣ ቀለሙን እኔ እቀባዋለሁ። ከዚህ ግቢ ከወጣ በኋላ የኛ ጣጣ አይደለም።"

ለበያጁ የአይጡ ሽንት ከዚህ ንግግር ይሻል ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመት አንድ ገበታ ላይ በልቷል፤ አሁን እጁን መጨበጥ እንኳ ቀፈፈው። ሽያጩ ከፈረሰ ግን እህቱ ዓይኑን ማየት እንደማትፈልግ ያውቃል።

ገዢው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ገባ። ልጆቹ እየተጋፉ የተጎታቹን ደረጃ ወጡና አልጋው ላይ መዝለል ጀመሩ። የእህቱ ባል ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ ሊቀበላቸው ሲያልፍ በያጁን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

"ለእህትህ ስትል ዝም በል።"

ገዢው ሰላምታ ሰጥቶ ሥራው አልቆ እንደሆነ ጠየቀ።

በያጁ የመበየጃ ማሽኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። "አልጀመርኩትም፣ አልጀምረውምም" አለ። "ልብስዎ ይቆሽሻል እንጂ፣ ጎንበስ ብለው ከስር ይዩት።"