ለክረምት ያልተተወ ክፍተት

አናጺ ነኝ፤ ቂመኛም ነኝ። ሁለቱንም አልደብቅም። አሰበ ተፈሪ ውስጥ በድሪ ሲባል «ያ ኮምጣጣው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ልክ ናቸው።

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የአናጺዎች ማህበራችን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት በር ሊሠራ ተዋዋለ። ጣውላውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ከቁኒ በኩል መጥቶ ሦስት ዓመት ጥላ ሥር ያደረቅሁት ዝግባ። ጣውላ ስደረድር በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ በጋለ ምስማር ሦስት ነጥብ እተኩሳለሁ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። እንጨቱን መጋዘን አስገብቼ በወባ ተኛሁ። በሮቹ ተሠርተው ሁለት ወር ሳይሞላቸው ተጣመሙ፣ ተሰነጣጠቁ፤ በስንጥቁ ፍየል ባያልፍ እጅ ያልፋል። ከእርጥብ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። የእኔን ደረቅ ጣውላ አንድ ሰው ለውጦታል።

ያ ሰው የማህበሩ ሊቀመንበር አምባው እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። ማስረጃ ግን አልነበረኝም። እሱ ቀደመኝ። ስብሰባ ጠርቶ «በድሪ አሻጥረኛ ነው! እርጥብ እንጨት ያስገባው እሱ ነው፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ። ፈርተው አወጡ። መጀመሪያ ያወጡት ደግሞ መላጊያ አያያዝ ያስተማሩኝ ጋሽ ታጁዲን ናቸው። ከማህበሩ ተባረርኩ። የቆጨኝ መባረሩ አይደለም፤ ስሜ ነው። ከዚያ ወዲያ በር የሚያሠራኝ ጠፋ፤ የዱካ፣ የበርጩማ እግር ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ። ቂሜን ግን እንደ ጣውላዬ ጥላ ሥር አስቀምጬ በደንብ አደረቅሁት።

ዱካ የምጠግነው ከአምባው ቤት ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነው። የካቲት ላይ አዲስ በር ሲያስገባ አየሁት። ራሱ ነው የሠራው፤ ማንንም አላስነካም። ፊቱን ቀለም ቀባ፤ አናቱን ግን «ማን ያየዋል» ብሎ ነው መሰል ተወው። በበሩና በመቃኑ መካከል ወረቀት አያስገባም። መንገደኛው ሁሉ «እንዴት ያለ ልክክ ያለ ሥራ ነው!» ይላል። እኔ ሳቅሁ። ደረቅ እንጨት የተጠማ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይጠጣል፣ ያብጣል። ስለዚህ በበጋ በር ስንገጥም ዙሪያውን የአንድ የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ውፍረት ያህል ክፍተት ለክረምት እንተዋለን፤ ውሃ እንዳይጠጣም አናቱን እንቀባለን። አምባው ግን እዚህ ሳይመጣ፣ አገሩ ሳለ ጸሐፊ ነበር፤ አናጺነቱ ከሊቀመንበርነቱ ጋር የመጣ ነው። ምንም አልነገርኩትም። ዝናብ እየለመንኩ ስድስት ወር ጠበቅሁ።

ነሐሴ ላይ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። አንድ ቀን ጠዋት ከአውራጃ የሚመጡ ሰዎች ለአምባው የምስጋና ወረቀት ሊሰጡት ነበርና የማህበሩ አባላት ሊያጅቡት ደጁ ተሰበሰቡ። አምባው ከውስጥ ገፋ። በሩ እምቢ አለ። እነሱ ከውጭ ሳቡ፤ እጀታው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። መስኮቱ ደግሞ ሌባ ፈርቶ ያስገጠመው ብረት አለበት።

«ከማጠፊያው እንንቀለው?» አለ አንዱ።

«ማንም እንዳይነቅለው!» ብሎ አምባው ከውስጥ ጮኸ። «ሳቡት፣ ይበቃል!»

መዶሻዬን የያዘው እጄ ቆመ። ተዘግቶበት የተቀመጠ ሰው በሩ እንዳይነቀል ለምን ይለምናል? ወላሂ፣ ሁሉም ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የአምባው ሚስት እቴነሽ ከገበያ ስትመለስ ነገሩን አይታ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች። «በድሪ፣ በእናትህ ድረስልን! ሰዎቹ ሊመጡ ነው።»

መሮዬን ይዤ ሄድኩ።

«አምባው» አልኩት በሩን አንኳኩቼ፤ «እንጨቱን ከየት አመጣኸው?»

«አንተን ማን ጠራህ? ራሴ የገዛሁት ነው!»

«መልካም። እንግዲያው ወይ ከማጠፊያው ልንቀለው፣ ወይ ታገሥ። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ራሱ ይከፈትልሃል።»

ከኋላዬ ሰው ሳቀ።

«እንዳትነካው ብያለሁ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለች እቴነሽ። «ቤቱ የእኔም ነው። በድሪ፣ ንቀለው!»

በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ማጠፊያው ደጅ ነው። የማጠፊያዎቹን ዘንግ በምስማር መትቼ አወጣሁና መሮዬን በመቃኑ በኩል አስገብቼ ፈለቀቅሁት። አቃስቶ ወጣ። አምባው ካኪውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅባት ተቀብቶ ደፉ ላይ ቆሟል። ዳግም አላየሁትም። በሩን በጎኑ አስተኝቼ አናቱን ወደ ሰዎቹ አዞርኩ።

ቀለም ያልነካው ጥሬ እንጨት ነው። በእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ ተተኩሷል።

ጋሽ ታጁዲን ጎንበስ ብለው ነጥቦቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «ዱጋ» አሉ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «እውነት ነው። የበድሪ ነው።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ አምባው» አልኩ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ፣ በረመዳን እንደማፍጠር ያለ ደስታ ነው። ከዚያ ወደ ማህበርተኞቹ ዞርኩ። «እርጥብ እንጨት ያስገባው በድሪ ነው የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ዝናቡ ያካፋል። አንድም እጅ አልወጣም።

በሩን ሳነሳ እቴነሽ ደነገጠች። «የት ልትወስደው ነው?»

«ወደ ባለቤቱ።»

እሷ አሳዘነችኝ፤ ግን አልተመለስኩም። ጋሽ ታጁዲን ሳይጠሩ መጥተው ሌላውን ጫፍ ያዙ። መንገዱን ስንሻገር የአውራጃው ላንድሮቨር በጭቃው ውስጥ እየመጣ ነበር፤ ሊቀመንበሩ በር በሌለው ቤቱ አፍ ላይ ዝናብ እየገባበት ቆሟል።

«በድሪ፣ ልጄ፣ ያኔ እኮ...» አሉ ጋሽ ታጁዲን ከኋላዬ።

«ከባድ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ዝም ብለው ይሸከሙ።»