ሽኩርና የናይለኗ ክር

ሽኩር ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው፤ «የለም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ደንበኛ የፍሬን ሸራ ቢጠይቀው መልሱ «አለ!» ነው። ሱቁ ውስጥ ባይኖርም «አለ!» ነው። ሰውየውን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና በጓሮ ሹልክ ብሎ ከጎረቤት ሱቅ ይዞለት ከች ይላል። ተራው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ነውር የለውም።

ሚስቱ ጀሚላም በዚህ ጠባዩ ስትስቅበት ነው የኖረችው። ባለፈው ጁምዓ ግን ሳቋ ጠፋ። ሽኩር ከመስጊድ ሲመለስ በአንድ እግሩ የራሱን ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የማያውቀውን ሰው ጫማ አጥልቆ መጣላችሁ! የሰውየው ጫማ ጠባብ ኖሯል፤ ማሰሪያው የትንሿን ጣቱን ቆዳ ልጦ ደም በደም አድርጎታል። ጎረቤቶቹ «ሽኩር ዘነጠ!» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ደሙን ያየችው እሷ ናት።

«አላመመህም?»

«ምኑ?»

ጀሚላ ደነገጠች። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ «እግርህን ተመርመር» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ነው የከረመው። በማግስቱ እየጎተተች መሳለሚያ አጠገብ ካለ ክሊኒክ አስገባችው።

ነርሷ ሲስተር ብሥራት እጀታ ያላት አጭር የናይለን ክር አወጣችና መጀመሪያ ክንዱን ነካ አደረገችው።

«እንዲህ ነው የሚሰማዎት ጋሼ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እግርዎን ስነካዎት ይንገሩኝ።»

«ይቺ ናት ምርመራ?» ብሎ ቀለደና ጨፈነ።

ክሯ አውራ ጣቱ ላይ አርፋ ጎበጥ አለች።

«አለ!»

ጀሚላ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነፈሰች። ነርሷ ከጣቶቹ በታች ነካችው። «አለ!» ሌላኛውን እግሩን ነካችው። «አለ!» ድምፁ ሞቅ ብሎለታል። ከዚያ ሲስተር ብሥራት እጇን አየር ላይ አቆመች። ክሯ ምንም አልነካችም።

«አለ!» ሽኩር ጮኸ።

ጀሚላ ወደ እሱ ዞረች። ወይ አንተ ሰው! ማንን ልታታልል ነው? የገዛ እግርህን እኮ ነው! ልትጮህበት ስትል ነርሷ ቀደመቻት።

«ጋሼ፣ አልነካሁዎትም» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ሽኩር ዓይኑን ገለጠ። ነርሷን አየ፤ ሚስቱን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ስሜቱ ይመለስለታል?» ጀሚላ ጠየቀች።

«የተጎዳ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረው አይሆንም እትዬ። ስኳሩን መቆጣጠር፣ እግራቸውን በየቀኑ ማየት፣ በባዶ እግር አለመሄድ ነው። ሳይታወቅ የከፋ ቁስል እግር እስከማጣት ያደርሳል።»

«መለዋወጫ የለውማ» አለ ሽኩር። ማንም አልሳቀለትም። የነርሷን እጅ ያዘ። «በእናትሽ ልጄ፣ አንዴ ድገሚልኝ። ወላሂ አሁን አልዋሽም።»

ጨፈነ። ጀሚላ እንዲህ ሲጨፍን አይታው አታውቅም፤ ፊቱ ተጨማደደ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትንፋሹን ዋጠ። ነርሷ ክሯን አውራ ጣቱ ላይ ጫነች፤ ጎበጠች። «አሁን በል፣ አሁን!» አለች ጀሚላ በሆዷ። ነርሷ አነሳችና ደግማ ጫነች። የሚሰማው ነገር ቢኖር ውጭ መንገድ ላይ ባለጋሪዎች የሚጯጯሁት ብቻ ነው። ጀሚላ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ልትይዘው አሰበችና ፈራች።

«በይ እንጂ ልጄ» አለ ሽኩር ዓይኑን እንደጨፈነ፤ «እየጠበቅኩሽ እኮ ነው። ጀምሪ።»